ጥቆማ፦ ለኮንዶሚኒየም ቤት ኢንተርኔትና ቴሌቪዥን ምን ይሻላል? (አዲስ አበባ)

ጥያቄ፦ ቤቱ 3ኛ ፎቅ ነው፣ አራት ሰው ይኖርበታል፤ አንዱ ከቤት ነው የሚሠራው። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። ፋይበር ይግባ ወይስ ሲም የሚወስድ ራውተር? ኢንተርኔቱ ከገባ ዲሹን ማንሳት ይቻላል?

መልስ፦ ዲሹን እንዳታነሱት። የቴሌቪዥኑን ሸክም ከኢንተርኔቱ ላይ ካላወረዳችሁ የሚበቃችሁ ጥቅል የለም። በ480 ጥራት የሚታይ ቪዲዮ በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ያህል፣ በሰዓት ወደ 0.7 ጊጋባይት ይበላል። 1080 ከሆነ 5 ሜጋቢት ነው፤ በሰዓት 2.25 ጊጋ። በቀን 5 ሰዓት ቢታይ በወር 340 ጊጋ አካባቢ ይሆናል። ከዲሽ በነፃ ለሚገኝ ዜናና ድራማ ይህን ያህል ዳታ ማቃጠል ገንዘብ መድፋት ነው።

መልስ፦ በዲሹ ላይ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ኢትዮሳት (የአገር ቤት ቻናሎች በነፃ የሚታዩበት የሳተላይት ስርጭት) ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው በኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ላይ ነው፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ። ከአዲስ አበባ ሲታይ ኮምፓስ ላይ 115 ዲግሪ ግድም፣ ከፍታው 66 ዲግሪ ነው። ናይልሳት የሚባለው ሌላው ሳተላይት በተቃራኒው ምዕራብ ላይ፣ ኮምፓስ 261፣ ከፍታው 37 አካባቢ። ስለዚህ በአንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ላይ ያለው የሞገድ መቀበያ) ደርድሬ ሁለቱንም አመጣለሁ የሚላችሁን ሠራተኛ አሰናብቱት። ሁለት ዲሽና አንድ ዳይሴክ ስዊች (ሁለቱን ዲሽ እየቀያየረ የሚያገናኝ) ያስፈልጋል፤ ከስዊቹ ወደ ሪሲቨሩ አንድ ገመድ ይበቃል።

66 ዲግሪ ማለት ሽቅብ ነው። በረንዳ ላይ የተሰቀለ ዲሽን የላይኛው ፎቅ በረንዳ ይጋርደዋል፤ ጣሪያ ላይ አውጡት። ሪሲቨሩ ላይ ለኢትዮሳት ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ፖላራይዜሽን አግድም (ኤች)፣ ሲምቦል ሬት 45000 አስገቡ። ኤልኤንቢው ዩኒቨርሳል (9750/10600)፣ 22 ኪሎኸርዝ የሚለው ምርጫ ጠፍቶ። ጥንካሬው ከፍ ብሎ ጥራቱ ካልወጣ ብዙ ጊዜ ኤልኤንቢው ቀጥ ብሎ ታስሯል ማለት ነው። ለዚህ ሳተላይት ከዲሹ ጀርባ ቆማችሁ ወደ ሰማይ ስታዩ ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ 60 ዲግሪ ያህል መዞር አለበት፤ ከዚያ ጥራቱን እያያችሁ በጥቂት በጥቂቱ ማስተካከል። ኤልኤንቢው ተስተካክሎም ጥራቱ ጨርሶ ካልወጣ ሪሲቨሩ የድሮ ሊሆን ይችላል፤ ዲቪቢ ኤስ 2 (ኢትዮሳት የሚጠቀምበት አዲሱ የስርጭት ዓይነት) የሚቀበል መሆኑን ሳታረጋግጡ አዲስ አትግዙ። በክረምት ዶፍ ሲወርድ ለጥቂት ደቂቃ መቆራረጡ የሞገዱ ጠባይ ነው፣ ለዚያ ሠራተኛ አትጥሩ።

መልስ፦ ወደ ኢንተርኔቱ ስንመጣ፣ ከቤት የሚሠራ ሰው ካለ ፋይበር። ምክንያቱ የማውረድ ፍጥነቱ ሳይሆን የመላኪያው ነው። የቪዲዮ ስብሰባ ወደ ላይም 3 ሜጋቢት ገደማ ይፈልጋል፤ የሞባይል ኔትወርክ ደግሞ ሰው ሲበዛበት አስቀድሞ የሚያንቀው መላኪያውን ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ዘንድ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት ዋጋ አይሁን፤ «ሕንፃችን ፋይበር ገብቶለታል ወይስ መዳብ ነው? የፋይበር ማከፋፈያ ሳጥኑ ላይ ባዶ ቦታ አለ?» በሉ። ባዶ ቦታ ከሌለ የተከፈለበት ማመልከቻ ወረፋ ላይ ይቀራል። አንዳንድ አፓርታማዎች ላይ ዌብስፕሪክስ የሚባለው ሌላ የኢንተርኔት አቅራቢም ስላለ ጎረቤት ጠይቁ።

ቴክኒሻኑ ሳይሄድ የብርሃኑን ልኬት እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ከ−25 ዲቢኤም የተሻለ (ወደ ዜሮ የቀረበ) ከሆነ ጥሩ፤ −27 ከደረሰ ጫፍ ላይ ነው፣ ትንሽ ነገር ያጠፋዋል። ገመዱ በበር ጥግ ሲታጠፍ ከ3 ሴንቲሜትር ራዲየስ በታች አይጠምዘዝ። ሞደሙ ላይ «ሎስ» የሚለው ቀይ መብራት ከበራ አጥፍቶ ማብራት ዋጋ የለውም፣ ብርሃኑ እየደረሰ አይደለም፤ 994 ደውላችሁ አስመዝግቡ።

መልስ፦ ተከራይ ከሆናችሁ ግን በፋይበሩ አልስማማም። መስመሩ ከአድራሻው ጋር የታሰረ ነው፤ ቤት በለቀቃችሁ ቁጥር የዝውውር ጣጣ አለ። ራውተር ግን ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ኢትዮ ቴሌኮም ወይስ ሳፋሪኮም ለሚለው ሰፈር እየለየ ስለሚቀያየር የማንንም ምስክርነት አትስሙ፣ የኔንም ጨምሮ። የ09ና የ07 ሲም በስልክ አስገብታችሁ ራውተሩ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ለኩ፤ በተለይ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት። የጠዋት ልኬት አታላይ ነው። የራውተሩ ገጽ ላይ የሲግናል ጥንካሬው (አርኤስአርፒ የሚለው) −90 አካባቢ ከሆነ ደህና፣ ከ−110 በታች ከወረደ መስኮት ቀይሩ። ለአንድ ኔትወርክ የተቆለፈ ራውተር ርካሽ ቢሆንም አትግዙ፤ ሳፋሪኮም መስከረም 2015 አዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የምናገኘው ትልቁ ጥቅም መቀያየር መቻል ነው፣ እሱን በገዛ እጃችሁ አትዝጉት። «ያልተገደበ» የሚል ጥቅል ላይም ከስንት ጊጋ በኋላ ፍጥነቱ እንደሚቀንስ ሳታነቡ አትፈርሙ።

ጥያቄ፦ እናመሰግናለን፣ ቤቱ የራሳችን ስለሆነ ፋይበር እንሞክራለን። መብራት ሲጠፋስ?

መልስ፦ ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ሞደሙን የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ)። አብዛኛው ሞደም 12 ቮልት ነው፤ ግን አስማሚው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ 9 ቮልትም አለ። 10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚል ዩፒኤስ ውስጡ 37 ዋት-ሰዓት ነው፤ 10 ዋት የሚበላ ሞደም ሦስት ሰዓት ያህል ያቆያል። ሞደምና ራውተር ለየብቻ ከሆኑ በግማሽ ቀንሱ። እግር ኳስ የሚያይ ካለ ደግሞ ዲኤስቲቪ 36 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፣ ከአዲስ አበባ ወደ አናት ተጠግቶ 79 ዲግሪ፤ ለሱ ሦስተኛ ዲሽ ታስቦ ጣሪያው ላይ ቦታ ይተው።