በጥልቅ ባሕር ዓሣ ዕድሜ ቆጠራ ላይ እርዳታ እሻለሁ

የዓሣ ሥነ ሕይወት ያጠናችሁ ወገኖች፣

በኒውዚላንድ ባሕር ስለሚኖረው ኦረንጅ ራፊ ስለተባለ የጥልቅ ባሕር ዓሣ የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ሳለሁ ዕድሜ ቆጠራው ላይ ደርሼ ተቸግሬያለሁ። ይህ ዓሣ ከ100 ዓመት በላይ የሚኖርና ለመራባት የሚደርሰው በ30 ዓመቱ ገደማ በመሆኑ፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንቁላል ለመጣል በባሕር ውስጥ ተራሮች ላይ ሲሰበሰብ በገፍ መጠመዱ ክምችቱን ክፉኛ ጎድቶታል።

ዕድሜው የሚነበበው በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ከሚታየው የጆሮ ድንጋዩ፣ ማለትም ከኦቶሊቱ ነው። በድንጋዩ ላይ በየዓመቱ ከሚታከሉት ቀለበቶች የልጅነቱ ሰፋ ሰፋ ስለሚሉ አያስቸግሩም፤ ለመራባት መድረሱን ከሚያሳየው የሽግግር ክፍል ወዲያ ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስለሚደራረቡ፣ እኔና አብራኝ የምታነበው ባልደረባዬ በብዙዎቹ ናሙናዎች አንስማማም። በኦቶሊቱ ውስጥ ያሉት የእርሳስ-210 እና የራዲየም-226 (ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች) ምጥጥን የዝርያውን ረጅም ዕድሜ ቢያረጋግጥም፣ የአንዱን ዓሣ ዕድሜ ለይቶ ለመቁጠር አልረዳኝም።

ልዩነታችንን በንባብ ስሕተት ማትሪክስ (አንድ ዕድሜ በስሕተት ሌላ ተብሎ የመነበቡን ዕድል በሚያሳይ ሠንጠረዥ) አስልቼ የዓሣውን ብዛት ወደሚገምተው የክምችት ሞዴል ላስገባው ወይስ ያልተስማማንባቸውን ናሙናዎች ልተዋቸው? መተዉ በዕድሜ የገፉትን ዓሦች ከስሌቱ አውጥቶ የተፈጥሮ ሞት ምጣኔውን (ሳይጠመዱ የሚሞቱትን ድርሻ) ከልክ በላይ ያንርብኛል ብዬ እሰጋለሁ። ይህን የሠራችሁ ካላችሁ፣ ምን ያህሉን ናሙና ዳግም ማንበብ እንደሚበቃ ጭምር ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።