የወንድሜ ጥገኝነት ጀርመን ላይ ውድቅ ሆነ፤ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ

እህቱ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን ያለው ወንድሜ የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ ሆኖ ደብዳቤ ደረሰው። ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ሲያለቅስ አደረ። እዚህ በፖለቲካ ታስሮ፣ በዋስ ወጥቶ ነው የሄደው። አሁን «ማስረጃ ላኪልኝ» ይለኛል። ፒያሳ የነበረው ቤታችን ፈርሶ አራት ኪሎ ዘመድ ቤት ተጠግተናል፤ ወረቀቱ ሁሉ ማዳበሪያ ውስጥ ተጠቅጥቋል። አንድ ሰው «የመያዣ ትዕዛዝና የፓርቲ አባልነት ደብዳቤ አሠርቼ አመጣልሻለሁ» ብሎኛል። ልክፈለው? ይግባኝስ ስንት ቀን አለው?

የሰፈር ልጅ፦ እንዳትከፍዪው! አንዲት የሐሰት ወረቀት ከተነቃችበት እውነቱንም የሚያምነው የለም።

ሃምቡርግ ያለሁት፦ ወረቀቱን ለጊዜው ተይውና ቀኑን ንገሪን። ደብዳቤው በቢጫ ፖስታ ነው የመጣው? ፖስተኛው ላዩ ላይ ቀን ይጽፍበታል። የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው፣ ወንድምሽ ፖስታውን ከፈተውም አልከፈተውም። እንዲሁ ውድቅ ከተደረገ 2 ሳምንት አለው። «መሠረተ ቢስ መሆኑ ግልጽ ነው» ተብሎ ከሆነ ግን 1 ሳምንት ብቻ! በዚያችው ሳምንት ክሱም (አንቺ ይግባኝ ያልሽው)፣ እንዳይባረር የሚጠየቅበት አስቸኳይ ማመልከቻም አብረው መግባት አለባቸው። የትኛው ፍርድ ቤት፣ በስንት ቀን የሚለው ውሳኔው መጨረሻ ላይ ተጽፏል። ፖስታውን እንዳይጥለው።

ጋሼ መምህር፦ ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የ1951 የስደተኞች ስምምነት አምስት ምክንያቶችን ያውቃል፦ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነት እና የፖለቲካ አመለካከት። ታስሬ ነበር ማለት ብቻውን አይበቃም። በምን አመለካከቱ እንደታሰረና ዛሬ ቢመለስ ምን እንደሚያሰጋው ማስረዳት አለበት። ዳኛው የሚመዝነው ችሎት የሚቀመጥበትን ጊዜ ሁኔታ ነው። ብዙ ልጆች ያለፈውን ሲተርኩ ውለው የወደፊቱን ሳይናገሩ ይወጣሉ።

መንገደኛ፦ እዚያው ያለው የእኛ ኤምባሲ ሄዶ ደብዳቤ ያጽፍ።

ሃምቡርግ ያለሁት፦ ኧረ በፍጹም! ከመንግሥት ሸሸሁ ያለ ሰው ኤምባሲ ገብቶ ደብዳቤ ካጻፈ «ታዲያ ምን ፈራህ?» ነው የሚሉት።

እህቱ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፖስታው ቢጫ ነው፣ ቀኑን እጠይቀዋለሁ። ውድቅ ያደረጉት «የተለያየ ነገር ተናግረሃል» ብለው ነው። በቃለ መጠይቁ 2021 ታሰርኩ ብሏል፤ የሰጣቸው የዋስትና ትዕዛዝ ግን 2020 ነው ይላሉ። እሱ ሁሌም የሚለው ኅዳር 2013 ነው። ለጠበቃ የሚከፍለውም የለውም።

አስተርጓሚ ነበርኩ፦ እህቴ፣ እንግዲያው ማስረጃ አልጎደለውም፤ ያለው ማስረጃ ነው በተሳሳተ ቀን የተነበበው። ኅዳር 2013 በእነሱ 2020 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። አስተርጓሚው ዝም ብሎ 8 ደምሮለታል። ሰዓቱንም እዩ፦ «ሌሊት 9 ሰዓት ቤት መጡ» ብሎ ከሆነ በእነሱ 3 ሰዓት ነው፤ ማታ 9 ተብሎ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። የቃለ መጠይቁን ቃለ ጉባኤ ሁለቱንም ቋንቋ ከሚያውቅ ሰው ጋር መስመር በመስመር ያንብበው። ቀን፣ ሰዓት፣ የስም አጻጻፍ፣ ሁሉንም። ስህተቱን በጽሑፍ ለፍርድ ቤቱ ያስገባ። ክሱ በጊዜው ከገባ፣ ምክንያቱን ለማስረዳት ውሳኔው ከደረሰው ቀን ጀምሮ 1 ወር አለው።

የሰፈር ልጅ፦ ደግሜ ልበል፣ ለዚያ ሰውዬ ምንም እንዳትሰጪ። እዚህ ጉዳዩን የያዘው ጠበቃ ካለ፣ ውክልናው ካልተነሳ የትዕዛዙን የተረጋገጠ ግልባጭ ከመዝገብ ቤት እሱ ያውጣው። ለምን እንደፈለጋችሁት ለማንም አታውሩ። አብሮት የታሰረ ሰው ፈቃደኛ ከሆነም ያየውን በራሱ እጅ ይጻፍ።

ሃምቡርግ ያለሁት፦ ስለ ጠበቃው አትጨነቂ። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ መክሰስ ይቻላል፣ የፍርድ ቤት ክፍያም የለበትም። አቤቱታውን በቃል ተቀብሎ የሚጽፍ ክፍል አለ፤ ውሳኔውንና ፖስታውን ይዞ ይሂድ። ካሪታስና ዲያኮኒ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅቶችም በነጻ ያማክራሉ።

እህቱ፦ ማዳበሪያውን ዘርግፈን የዋስትናውን ዋናውን አገኘነው! ማኅተሙ በደንብ ይነበባል፣ ቀኑም ኅዳር 2013 ነው። ልላከው?

ሃምቡርግ ያለሁት፦ አሁኑኑ ሁለቱንም ገጽ በስልክ አንስተሽ ላኪለት። ዋናውን ቸርችል ካለው ዋናው ፖስታ ቤት በኢኤምኤስ ላኪ፣ ከዚያ በፊት ግን ኮፒ አስቀሪ። እዚያ ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ይተርጉምለት። ክሱ ግን ወረቀቱ እስኪደርስ አይጠብቅም።

አስተርጓሚ ነበርኩ፦ ቃለ ጉባኤውን እኔ አነብለታለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ስሙን እዚህ እንዳትጽፊ።

ሃምቡርግ ያለሁት፦ እህቱ፣ ፖስታው ላይ ያለው ቀን ስንት ነው? ከተማውስ የት ነው? ቅርብ ከሆነ ፍርድ ቤት አብሬው እሄዳለሁ።

ሃምቡርግ ያለሁት፦ እህቱ፣ አለሽ? ቀኑን ብቻ ጻፊልን።