ታይትል ዋን ላይ ምን እንጠይቅ? የረቂቁ ውይይት

ፀሐፊ፦ ሰላም ቤተሰብ። ረቂቁን እዚሁ እንጨርሰው ምክንያቱም እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስንባባል ቡናው ነው የሚያሸንፈን። ታይትል ዋን የድሃ ልጅ ለሚበዛባቸው ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ብር ነው፣ ዲስትሪክቱ (የአካባቢው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር) የዚህን ብር የወላጆች ተሳትፎ ዕቅድ ከወላጅ ጋር ሆኖ ነው ማውጣት ያለበት፣ ህጉ እንደዛ ነው፣ እኛም እንደ ማህበር አንድ ገፅ እናስገባ ብለናል። እስካሁን 3 ሀሳብ ደርሶኛል፣ ለኮንፈረንስ (ወላጅ ከአስተማሪ ጋር ስለልጁ ለሚነጋገርበት) አስተርጓሚ፣ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት፣ የባህል ቀን። የሚጨምር ይጨምር የሚጥልም ይጣል

የማታ ሺፍት፦ በመጀመሪያ ይሄ ታይትል ዋን የማን ብር እንደሆነ ንገሩኝ፣ የፌዴራል ነው የሜሪላንድ? ሰው ሲጠይቀኝ እንደገባው ሰው ራሴን ነቅንቄ ነው የማልፈው ሃሃ

ረዳት መምህርት፦ የፌዴራል ነው። በ1965 ፕሬዝዳንት ጆንሰን የፈረመው ህግ ነው፣ ቴክሳስ ልጅ ሆኖ የተማረበት ትምህርት ቤት ደጅ ላይ የልጅነት አስተማሪውን አጠገቡ አስቀምጦ ነው የፈረመው። አሁን የምንሰራበት በ2015 ኦባማ የፈረመው ማሻሻያ ነው። ኮንግረስ ያፀድቃል፣ ለስቴት ይሄዳል፣ ስቴት ለዲስትሪክት ይሰጣል፣ ዲስትሪክት ደግሞ የድሃ ልጅ ለሚበዛባቸው ትምህርት ቤቶች ያወርደዋል። በ2024 በጀት ለመላው አገር 18 ቢሊዮን ዶላር ከምናምን ነበር። ለእኛ የምትጠቅመን ግን አንዲት ትንሽ አንቀፅ ናት፣ ከ500,000 ዶላር በላይ የሚያገኝ ዲስትሪክት ቢያንስ 1 በመቶውን ለወላጅ ተሳትፎ መመደብ አለበት፣ ከዛች ላይ 90 በመቶው ትምህርት ቤቶቹ ጋ መውረድ አለበት፣ በምን እንደሚወጣ ደግሞ ወላጅ መጠየቅ አለበት።

የማታ ሺፍት፦ ተጠይቄያለሁ እኮ። ሁለቴ ሄጃለሁ፣ ሁለቴም ዓርብ፣ ሁለቴም ቺዝ ፒዛ። ፈርሜ ፆሜን ወጣሁ

የሦስት ልጆች እናት፦ እኔ አስተርጓሚው አንደኛ ይሁን ነው የምለው። ባለፈው ኮንፈረንስ ያስተረጎመልኝ የ10 ዓመት ልጄ ነው፣ ያውም ስለራሱ። አስተማሪዋ አምስት ደቂቃ ሙሉ በእጇ እያሳየች አወራች፣ እሱ ዞር ብሎ "ደህና ነው ትላለች" አለኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ሳየው ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ ነው። ቤት ስንደርስ እውነቱን ብጠይቀው "እናቴ እንዳታዝኚ ብዬ ነው" አይለኝም? ተቆጥቼም አልቻልኩ ስቄም አልቻልኩ። ይሄ ካልተቀመጠ ምኑን ፕሮፖዛል ሆነ

ረዳት መምህርት፦ እህቴ አልሽው ትክክል ነው፣ ግን ከዚህ ብር አንጠይቀው። አስተርጓሚ ማቅረብ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ህግ ቀድሞውኑ ግዴታቸው ነው፣ ብር ኖረ አልኖረ። የፌዴራል ግራንት (ድጋፍ ተብሎ የሚሰጥ ብር) ደግሞ ተጨማሪ ለሆነ ነገር እንጂ ዲስትሪክቱ ከራሱ ኪስ ማድረግ ያለበትን ለመሸፈን አይደለም። ለታይትል ዋን ብቻ ለሚደረግ ስብሰባ ማስተርጎሚያ ይቻላል፣ ለተራው ኮንፈረንስ ግን እኛው ራሳችን ከግራንቱ ይከፈል ብለን ከፃፍን ወይ ይጥሉታል ወይ ደግሞ ደስ ብሏቸው ያቺን 1 በመቶ እዛ ላይ ይጨርሷታል። ስለዚህ ለብቻው ደብዳቤ እንፃፍ፣ መብት ነውና እንደ መብት እንጠይቀው፣ ልጅ ማስተርጎሙም ይቁም እንበል።

የሦስት ልጆች እናት፦ ይሄንን አላውቅም ነበር፣ እንግዲህ ሁለት ወረቀት ይሁና

ጋሼ፦ ልጆች እኔም ልበል። አገር ቤት ሳስተምር በትምህርት ጥራት ፕሮግራሙ ጊዜ ለየትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር ልክ ብር ይመጣ ነበር፣ እኛም ወመህ (የወላጅ መምህር ህብረት) ላይ ጣራው ይጠገን ወይስ መፅሐፍ ይገዛ እያልን ስንጨቃጨቅ ይመሽ ነበር። ከዛ የተማርኩት ቁጥር ያልያዘ ሰው ብር እንደማይደርሰው ነው። የቅዳሜውን አማርኛ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ከዚህ ብር እንደማይሆን ከገባኝ ግን አልከራከርም፣ እሱን በራሳችን መዋጮ እንይዘዋለን።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ ቁጥር ያሉት ልክ ነው። የኛ ሰው የነፃ ምሳ ቅፅ አይሞላም፣ "ልጄን ማብላት አቅቶኝ ነው እንዴ" ይላል፣ ኩራቱ ጥሩ ነው ግን ትምህርት ቤቱ በወረቀት ሀብታም ይሆናል

ረዳት መምህርት፦ አዎ፣ በብዙ ቦታ ለብሩ የትምህርት ቤቶች ደረጃ የሚወጣው በሱ ነው። ሁሉም ልጅ በነፃ የሚበላበት ትምህርት ቤት ግን አለ፣ እዛ ቁጥሩ የሚመጣው ከፉድ ስታምፕና ከሜዲኬይድ (ከመንግሥት የምግብና የህክምና ድጋፍ) መዝገብ ስለሆነ ቅፁ ላይ ሰው አናስፈራራ። ይሄ ለማንኛውም የኛ የቤት ሥራ ነው እንጂ ፕሮፖዛሉ ውስጥ አይገባም።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ አንድ የሚያሳስበኝ፣ በ2025 ጁላይ ላይ የፌዴራል መንግሥቱ የትምህርት ብር ይዞ አልነበር? ቋሚ ሠራተኛ ጠይቀን በዓመቱ ቢባረርስ

ረዳት መምህርት፦ ያኔ የተያዘው 6 ቢሊዮን ምናምን ነበር፣ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች የሚሰጠው ታይትል ስሪም ውስጡ ነበር፣ ይሄ የምናወራው ዋናው የታይትል ዋን ብር ግን አልነበረበትም። ወሩ ሳያልቅ ይለቀቃል ተባለ፣ ቢሆንም ዲስትሪክቶች ሰመር ላይ እንቅልፍ አጥተው ነው የከረሙት። ስለዚህ ደመወዝ አንጠይቅ፣ ሰዓት እንጠይቅ።

የማታ ሺፍት፦ የምን ሰዓት?

ረዳት መምህርት፦ የምሽት። ልጁ ኢሶል (እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚሰጥ የቋንቋ ትምህርት) እንዲገባ ሲመረጥ ትምህርት በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ለወላጅ ደብዳቤ ይመጣል፣ አልፈልግም ማለትም ይቻላል።

የማታ ሺፍት፦ ውይ እሱን እንኳን አታንሱብኝ። እኔ ነኝ አልፈልግም ላይ ምልክት ያደረግኩት፣ ኢሶል ማለት የሰነፎች ክፍል መስሎኝ። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ፀጥ ብላ ቁጭ አለች፣ እኔ ደግሞ ጨዋ ናት እያልኩ ስመካ ነበር

ፀሐፊ፦ በቃ አገኘነው እኮ። እንዲህ ልፃፈው፣ ሴፕቴምበር ላይ ደብዳቤዎቹ ከመመለሳቸው በፊት በየታይትል ዋን ትምህርት ቤቱ ሁለት ምሽት፣ ደብዳቤው በአማርኛ ቁጭ ተብሎ የሚብራራበት፣ ትራንስፖርትና የልጅ ጠባቂ ከዛችው 1 በመቶ ይከፈል። ይከፈላል አይደል?

ረዳት መምህርት፦ ይከፈላል፣ ህጉ ላይ ሁለቱም በስም ተጠቅሰዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ የባህል ቀኑስ

ጋሼ፦ እሱ ይቆየን ልጄ። ክራር ይዘን ከመግባታችን በፊት ደብዳቤውን እናንብብ።

ፀሐፊ፦ እሺ ጋሼ ወጥቷል። የስፓኒሽ ተናጋሪ ወላጆቹንም አናግሬ አብረው ይፈርሙ፣ ለአንድ ቋንቋ ብቻ ከጠየቅን አያዩንም። የአስተርጓሚውን ደብዳቤ የልጆቹ እናት ትጀምረው፣ ያቺን "ደህና ነው ትላለች" ያለውን እንዳትተዪው። የምሽቱን ቀን ምረጡ

የማታ ሺፍት፦ ማክሰኞ። ሐሙስ ሥራ ነኝ፣ ዓርብ ደግሞ ያው ታውቃላችሁ