አስቸኳይ፦ ልስን እየወደቀ ነው፣ ሕንፃው ግን አይዘጋም (ደሴ)

ጠያቂ፦ ያ ጀመዓ፣ ድረሱልኝ። የግቢያችን ቤተ መጻሕፍት ከውጭ እየታደሰ ነው። ዛሬ ጠዋት ከዋናው በር በላይ ልስን ወድቆ ደረጃው ላይ ተፈረካከሰ። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልነካም። ሰኞ ፈተና ይጀመራል፣ ተማሪው በዚሁ በር ነው የሚገባው። ምን ላድርግ?

የሰኞ ገበያው፦ ከመታወቂያ ጋር ሄልሜት አድል።

ጦሳ ስር፦ አብሽር፣ ሸራ አልብሰው።

መሐንዲሱ፦ ሁሉም ከውል ይጀምራል። ጊዜያዊ መተላለፊያ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ዋጋ ካልተያዘለት ተቋራጩ ጣቱን አያነሳም። ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ አማካሪው በደብዳቤ ይጠየቅ፣ ከዚያም…

የሰኞ ገበያው፦ ጋሼ፣ ደብዳቤው እስኪደርስ ተማሪው ይመረቃል።

እመት፦ ለምን አይዘጋም? ፈተና ከነፍስ ይበልጣል?

ጠያቂ፦ እህቴ፣ ጄኔሬተር ያለው ማንበቢያ እሱ ብቻ ነው።

ግንበኛው፦ ሸራ አቧራ እንጂ ጓል አይዝም። ነገ ንጋት 12 ሰዓት፣ ተማሪ ሳይመጣ፣ ደረጃውን ዘግታችሁ ግድግዳውን በመዶሻ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። እንደ ባዶ እንስራ የሚጮኸውን ሁሉ በእጃችሁ አውርዱት፤ ራሱ እስኪወርድ አትጠብቁ። ከበሩ ፊት ወፍራም አጣና አቁማችሁ ላዩን በሳንቃ ድፈኑት፣ ተማሪው በሥሩ ይለፍ። ሳንቃው ከግድግዳው ጋር ይግጠም፣ ጓል የሚሾልከው በዚያ ክፍተት ነው። ሌላ በር የለም እንዴ?

ጠያቂ፦ በጀርባ አለ፣ ግን ተቆልፏል። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው።

ግንበኛው፦ ወንድሜ! ይህን አስቀድመህ አትልም? እሱን አስከፍትና የፊቱን ዝጋ። ሳንቃው ለዚያኛውም ይሠራ፣ የእድሳቱ መወጣጫ እንጨት ውሎ አድሮ ወደዚያ መዞሩ አይቀርም።

ጦሳ ስር፦ እኔ ወፍራም ሸራ ማለቴ ነበር።

ከኮምቦልቻ፦ መንስኤውንስ ማን አየ? አሸንዳ ከተደፈነ ውሃው ከልስኑ ጀርባ ይገባል። ለስላሳ ኮንክሪትም በመሮ ሳይወጋጋ ከተለሰነ አይነክስም። አዲሱን ደግሞ 7 ቀን ውሃ አጠጡት። እኛ ጋ ይሞቃል፣ ቶሎ ይደርቃል፤ የእናንተ ግን በጉሙ ይዘገያል፣ ሳይደርቅ ቀለም ከቀባችሁት ይላጣል።

ጠያቂ፦ አሸንዳው ከአምና ጀምሮ ችግኝ አብቅሏል።

የሰኞ ገበያው፦ አረንጓዴ አሻራ ነው እንጂ!

ግንበኛው፦ ሐምሌ ሳይገባ ጥረጉት። አለበለዚያ የምትለስኑትም ይወርዳል።

እመት፦ ቁልፉ ተገኘ?

ጦሳ ስር፦ ሰኞ አለፈ እኮ፣ ጠያቂው የት ገባ?