የሽንት ኦርጋኒክ አሲድ ምርመራ፦ ልጄ ከዳነ በኋላ ይጠቅማል?

ጠያቂ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዓመት ተኩል ልጄ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ያስመልሰዋል፤ ምግብ እምቢ ይላል፤ ከዚያ ፍዝዝ ይላል። ባለፈው ሆስፒታል ስንገባ ስኳሩ ወርዶ፣ ደሙ አሲድ በዝቶበት ተገኘ። አሁን ድኖ ይሯሯጣል። ሐኪሙ የሽንት ኦርጋኒክ አሲድ ምርመራ አዘዘለት። ደህና ሆኖ ሳለ ምን ሊገኝ ነው? አስርቤው ልውሰደው?

ላብራቶሪ የምሠራ፦
እህቴ፣ አይዞሽ። ሰውነት ፕሮቲንና ስብ ሲያፈራርስ መሀል ላይ ኦርጋኒክ አሲዶች ይፈጠራሉ። እነሱን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ኢንዛይም (የሰውነትን ኬሚካላዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ከጎደለ ተጠራቅመው በሽንት ይወጣሉ። እኛም ጋዝ ክሮማቶግራፊና ማስ ስፔክትሮሜትሪ በሚባሉ የመለያ መሣሪያዎች አንድ በአንድ እንለያቸዋለን። ሽንት አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ይወፍራል፤ ስለዚህ መጠኑ ከክሬያቲኒን (ከጡንቻ የሚመጣና በሽንት የሚወጣ ቆሻሻ) አንጻር ነው የሚጻፈው።

ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ከእነዚህ አሲዶች አንዱ የሆነው ሜቲልማሎኒክ አሲድ የሚበዛበት ከባድ በሽታ ልጁ ደህና ሲሆንም ብዙ ጊዜ ይታያል። ስብ የማቃጠል ችግር ግን ሊደበቅ ይችላል። አሁን የታዘዘውን ስጪ፤ ንጹህ ቢወጣ ግን ነገሩ አበቃ አትበዪ። ሲያመው የሚሸናው የመጀመሪያ ሽንት ነው ብዙ የሚናገረው። ቶሎ በረዶ ይደረግ፤ ሙቀት ላይ ከዋለ ባክቴሪያ ያበላሸዋል።

ልጇ የተመረመረላት እናት፦
የሚወስደውን መድኃኒትና ወተት ሁሉ ወረቀቱ ላይ አስጽፊ። ቫልፕሮይክ አሲድ የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ውጤቱን ያምታታል። ኤምሲቲ ዘይት (ቶሎ የሚፈጭ የስብ ዓይነት) ያለበት ወተትም እንደዚያው። እኛ ይህን ሳንናገር ቀርተን ምርመራው ተደግሟል።

የሕፃናት ሐኪም፦
በፍጹም አታስርቢው! እንዲህ ላለ ልጅ ረሃብ ራሱ አደጋ ነው። ሽንቱ ብቻውን አይበቃም፤ የደም አሲልካርኒቲን (ስብና ፕሮቲን የማፈራረስ ችግርን የሚጠቁም ምርመራ) አብሮ ይታይ። ሲያመው ደግሞ በደሙ ውስጥ ስኳር፣ እንዲሁም በእንዲህ ያለ ሕመም ሊጠራቀሙ የሚችሉት አሞኒያና ላክቴት ወዲያው ይለኩ። ሜቲልማሎኒክ አሲድ ከፍ ካለ ቫይታሚን ቢ12 ይታይ፤ እጥረቱም ከፍ ያደርገዋል፤ እሱ ደግሞ በቀላሉ ይታከማል።

ጠያቂ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሌሊት ቢያመውስ? ሽንቱን ጠብቄ ልሂድ?

የሕፃናት ሐኪም፦
አትጠብቂ። ማስመለሱ ካላቆመ ወይም ከፈዘዘ ወዲያው ይዘሽው ሂጂ። ባለፈው የሆነውን የሚገልጸውን ወረቀት ያዢ፤ ስትደርሺ አሳዪያቸው። የሽንት ከረጢቱን እዚያው ይለጥፉለታል፤ የሚሰጠው ግሉኮስ (ስኳር) ግን ለናሙና ተብሎ አንድ ደቂቃም አይዘገይም።