ሥልጠናው ጤና ኬላ ድረስ መድረሱን በምን እንወቅ?

ከወረዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ነው የምሠራው። በቅርቡ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን በታመሙ ሕፃናት ሕክምና ላይ የማጠናከሪያ ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። አሁን ደግሞ ገምግመህ ሪፖርት አምጣ ተብያለሁ። እጄ ላይ ያለው የቅድመና የድኅረ ሥልጠና ፈተና ውጤት፣ የተሳታፊዎች ዝርዝርና መጨረሻ ላይ የሞሉት የአስተያየት ቅጽ ብቻ ነው። ውጤቱ ጥሩ ነው፣ የሁሉም ማለት ይቻላል ከፍ ብሏል። አስተያየቱም «ጠቃሚ ነበር፣ ቀኑ ቢጨመር» ይላል። ግን ሩቅ ቀበሌ ያለች እናት የታመመ ልጇን አዝላ ጤና ኬላ ስትደርስ ምን እንደሚገጥማት ከዚህ ወረቀት ላውቅ አልቻልኩም። መኪና እንደልብ አይገኝም፣ አንዳንዱ ቀበሌ በእግር ነው የሚገባው። በዚህ አቅም ምን ልይ?

ሱፐርቫይዘር የነበርኩ፦
ጥያቄህ ልክ ነው ወንድሜ። ኪርክፓትሪክ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው አራት ደረጃ አለ፣ እስካሁን ይሠራበታል። ሥልጠናውን ወደዱት ወይ፣ ተማሩበት ወይ፣ ሥራ ላይ አዋሉት ወይ፣ በመጨረሻስ ለውጥ አመጣ ወይ የሚል ነው። አንተ ጋ ያለው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ፈተና ሥልጠናው ባለቀ ዕለት ሲሰጥ ከፍ ማለቱ አይቀርም፣ ትናንት የሰማችውን ነው የምትጽፈው።

ከመዝገቡ ጀምር። ሳልና የመተንፈስ ችግር ይዞት ለመጣ ሕፃን ትንፋሹ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቆጠር አለበት። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፣ የሳንባ ምች ምልክት ነው። ታዲያ መዝገቡ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ወደ ታች ተከትለህ እያቸው። በእርግጥ የቆጠረች ባለሙያ 43፣ 57፣ 38 ትጽፋለች። ገጹ ሁሉ እንደ 42፣ 46፣ 58 ተጋማሽ ቁጥር ብቻ ከሆነ ግማሽ ደቂቃ ቆጥራ በሁለት እያባዛች ይሆናል፣ 40፣ 50፣ 60 ብቻ ከሆነ ደግሞ በግምት ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ምርመራው፣ የተሰጠው መድኃኒትና የልጁ ዕድሜ እርስ በርስ ይስማማሉ ወይ በል። ይሄን ለመሥራት መኪናም አያስፈልግህ፣ ለወርሃዊ ስብሰባ ሲመጡ መዝገቡን ይዘው እንዲመጡ አድርግ።

ጤና ኤክስቴንሽን ነኝ፦
ወንድሜ፣ መዝገብ ስታይ መደርደሪያውንም እይልን። ሠልጥነን ተመልሰን የሳንባ ምች መድኃኒቱ አሞክሳሲሊን የሌለበት ወር አለ። የትንፋሽ መቁጠሪያው ሰዓት ባትሪው ካለቀ ቆይቷል፣ በስልኬ ነው የምቆጥረው፣ ስልኬ ደግሞ ቻርጅ የሚደረገው መብራት ያለበት ከተማ ስወጣ ነው። እንዲህ ሆኖ «ሥልጠናውን ሥራ ላይ አላዋለችም» ተብሎ ሲጻፍብን ያማል። ክፍተቱ የእውቀት ነው ወይስ የዕቃ፣ ለየብቻ ጻፉት።

ሌላው፣ ማን እንደቀረ ጠይቅ። ብዙዎቻችን የሚያጠቡ እናቶች ነን። ሥልጠናው ዞን ከተማ ላይ ሳምንት ሲሆን አንዷ ልጅ የምትይዝላት አታገኝም፣ ትቀራለች። ወይ ደግሞ አበል ስላለው ሁልጊዜ የሚጠራው ያው ሰው ይሆናል፣ ከመንገድ የራቀው ቀበሌ ወሬውን የሚሰማው ካለቀ በኋላ ነው። አማካይ ውጤቱ ያማረው የቀሩት ስላልተቆጠሩም ሊሆን ይችላል። ሁለታችን አንድ ላይ ስንጠራ ደግሞ ኬላው ተዘግቶ ነው የሚሰነብተው። ይሄም የሥልጠናው ወጪ ነው፣ ሪፖርት ላይ ግን አይቼው አላውቅም።

ጤና ጣቢያ ነርስ፦
እህቴ ያለችው ሁሉ እውነት ነው። እኔ የምጨምረው ሪፈር ነው። አንድ ጤና ጣቢያ በሥሩ አምስት ገደማ ጤና ኬላ ስላለው፣ ከየኬላው የተላኩትን ሕፃናት እኛ ጋ ማግኘት ቀላል ነው። መላክ የነበረበት በጊዜ ተልኳል? ወረቀቱ ላይ የተጻፈው እኛ ካገኘነው ጋር ይገጥማል? መልሱን ለላከችው ባለሙያ ብትነግሯት ደግሞ እሱ ራሱ ሥልጠና ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሪፈር የላከች ልጅ ሕፃኑ ዳነ አልዳነ ሳታውቅ ትቀራለች።

ዲኤችአይኤስ 2 (የጤና ሪፖርት የሚገባበት የኮምፒውተር ሥርዓት) ላይ የሳንባ ምች ቁጥር ከሥልጠናው በኋላ ጨመረ ብለህ ግን አትደምድም። ብርድ ስለገባ ወይ መድኃኒት ስለመጣ ሊሆን ይችላል። ሥልጠናው በዙር የሚሰጥ ከሆነ ገና ያልሠለጠኑትን ኬላዎች በዚያው ወር ጎን ለጎን እያቸው። እነሱም ላይ እኩል ከጨመረ ምክንያቱ ሥልጠናው አይደለም።

ከወረዳ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅርብ፣ መካከለኛና ሩቅ ብዬ ኬላዎች እመርጣለሁ፣ ሩቆቹን ግን አልተውም። መዝገብና መድኃኒት አያለሁ፣ የቀሩትን ሰዎች ስም ከደመወዝ መክፈያው ጋር አመሳክራለሁ። ሥልጠናው ሦስት ወር ሲሞላው ሄጄ ሕፃን ስታክም አጠገቧ ተቀምጬ ብመለከትስ? ኬላው ግን ሰው የማይመጣበት ቀን እንዳይሆንብኝ።

ጤና ኤክስቴንሽን ነኝ፦
የገበያ ቀን ና። እናቶች ገበያ ሲወጡ ነው የታመመ ልጅ ይዘው ጎራ የሚሉት። ደግሞ አደራ፣ ሕፃኑን የሚጎዳ ነገር ካላየህ በቀር እናትየዋ ፊት አታርማት። ወጥታ ትሂድና ንገራት። እኛ እዚያው ቀበሌ ነው የምንኖረው፣ «ይቺ እንኳን አታውቅም» ከተባለ በኋላ ልጁን ይዞልን የሚመጣ የለም።