የስኳር ታካሚዎች የሬቲና ፎቶ «አይነበብም» ተብሎ ይመለሳል፤ ምን ይስተካከል?

የስኳር ክሊኒክ ነርስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በወረዳ ሆስፒታል ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ሳያስፈልገው በሚሠራ ፈንደስ ካሜራ (ሬቲናን፣ ማለትም የዓይንን የውስጥ ጀርባ፣ በሚያነሳ ካሜራ) እያነሳን ሪፈራል ሆስፒታል ላለ የሬቲና ሐኪም በቴሌግራም እንልካለን። የአረጋውያኑ ፎቶ ይደበዝዛል። ቀኙ ጥሩ ወጥቶ ግራው የሚጠቁርበትም ጊዜ አለ። ለሁሉም ጠብታ እናድርግ?

ኦፕቶሜትሪስት፦
ለሁሉም አያስፈልግም። ግራውን የሚያጠቁረው የቀኙ ፍላሽ ነው፤ አንዱ ዓይን ላይ ሲበራ የሁለቱም ብሌን ይጠባል። ክፍሉን አጨልማችሁ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆዩና ሁለተኛውን አንሱ። ብሌኑ አሁንም 4 ሚሊ ሜትር ካልሞላ ትሮፒካማይድ 1% አንድ ጠብታ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል መጠበቅ። የማየት መጠን የሚለካው ከጠብታው በፊት ነው። ጠባብ አንግል ግላኮማ (ብሌን ሲሰፋ የዓይን ግፊት በድንገት ሊጨምር የሚችልበት በሽታ) ያለበትን ለዩ፤ ለሌላውም ለጥቂት ሰዓት እንደሚደበዝዝበት፣ መኪና እንዳይነዳ፣ ዓይኑን ካመመውና ከቀላ ቶሎ እንዲመለስ ንገሩት።

ጠርዝ ላይ ጨረቃ መሳይ ጥላ ካለ ካሜራው ከብሌኑ መሃል ወጥቷል። በሁሉም ታካሚ ፎቶ ላይ እዚያው ቦታ የሚታይ ነጥብ ደግሞ የሌንስ አቧራ ነው። ብሌኑ ሰፍቶም ከደበዘዘ አብዛኛውን ጊዜ የዓይን ሞራ ነውና አሥሬ ማንሳቱ ታካሚውን ከማድከም አያልፍም፤ ሪፈር ጻፉ።

የሬቲና ሐኪም፦
ቴሌግራሙን አትናቁት። በ«ፎቶ» ከላካችሁ ምስሉን ይጨምቀዋል፤ የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት የሆኑት ጥቃቅን ቀይ ነጥቦች (ማይክሮአኒዩሪዝም) ይጠፋሉ። በ«ፋይል» ላኩ፤ በስም ፋንታ ኮድ ጻፉበት። ለእያንዳንዱ ዓይን ሁለት ባለ 45 ዲግሪ ፎቶ፦ አንዱ ማኩላው (ጥርት አድርጎ የሚያየው የሬቲና ክፍል) መሃል፣ አንዱ ኦፕቲክ ዲስኩ (የዓይን ነርቭ የሚወጣበት ክብ ቦታ) መሃል ሆኖ። የማየት መጠኑን፣ ስኳሩ የቆየበትን ዘመን፣ የደም ግፊቱን፣ እርግዝና ካለም አያይዙ።

«አይነበብም» ማለት «ጤነኛ ነው» ማለት አይደለም፤ ያ ታካሚ በአካል መታየት አለበት። ጠፍጣፋ ፎቶ የማኩላ እብጠትንም አያሳይም። ስለዚህ ከማኩላው መሃል በአንድ ዲስክ ስፋት ውስጥ ቢጫ ክምችት ከታየ፣ ወይም ዕይታ ከቀነሰ፣ ለኦሲቲ (የሬቲናን ንብርብሮች በብርሃን ለሚያሳይ ምርመራ) ይላክ።

የስኳር ክሊኒክ ነርስ፦
ውጤቱ ሲመጣ ማንን እናስቀድም?

የሬቲና ሐኪም፦
አዲስ የደም ሥር ያበቀለ ወይም ዓይኑ ውስጥ የደማ በዚያው ሳምንት፤ ሌዘር ወይም መርፌ ሊያስፈልገው ይችላል። ከባድ ደረጃ ላይ ያለ በሳምንታት ውስጥ። ምንም ያልተገኘበት ከዓመት በኋላ፤ ነፍሰ ጡር ግን ዓመት አትጠብቅም። ቀጠሮውን ከመድኃኒት መውሰጃ ቀኑ ጋር አጣጥሙ፣ የቤተሰብ ስልክም መዝግቡ። ፎቶው ተነቦ ሰው የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው።